የመኪና አደጋ ማዳኛ መሣሪያ በድጋፍ ለማግኘት የሄድንበት መንገድ

ከሌሎች ከተሞች የሚደውሉልኝ የሥራ ባልደረቦች አብዛኛውን ጊዜ «ያንን ፕሮፖዛል ላክልን» ነው የሚሉኝ። እልክላቸዋለሁ፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ነገር ግን ወረቀቱን ወስዶ የከተማውን ስም ብቻ ቀይሮ ያስገባ ሰው ሩቅ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት የሠራነውን፣ መልስ እየጠበቅን የተማርነውን፣ ዕቃው ከመጣ በኋላም ያጋጠመንን እዚህ ላስፍረው። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ በእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሥራ ላይ። ድጋፍ የጠየቅነው ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀርቅሮ የቀረን ሰው ለማውጣት ለሚያገለግል የሃይድሮሊክ መሣሪያ ነው፤ ስፕሬደር የምንለው መፈልቀቂያ፣ ከተር የምንለው መቁረጫ፣ ራም የምንለው ገፊና የሚያንቀሳቅሳቸው ፓምፕ።

እሳት አደጋ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ውሃና ቱቦ ነው። የእኛ ከተማ ያለችበትን ቦታ ላየ ግን ጥያቄያችን ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆንለታል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገድ እዚህ ያልፋል፤ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወርዶ ከጅቡቲ መስመር የሚገናኘውም ከዚሁ ይነሳል። ደረቅ ወደቡ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም ተመርቋል፣ ፋብሪካዎቹም ብዙ ናቸው። ተሳቢው፣ ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ ሃይሩፉ፣ ባጃጁ በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። ሰኞ ሲሆን የባቲ ገበያ ይጨመርበታል። ከዚያ ደግሞ ከደሴ ወደ እኛ የሚወርደው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህን ቁልቁለት የጫነ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይወርደዋል፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ በቅጡ አይታይም። ፍሬን እምቢ ካለ ሾፌሩ የሚመርጠው ወይ ገደሉን ወይ ግንቡን ነው።

ለጋሾቹ በኋላ «ለምን ይህ መሣሪያ?» ሲሉ የነገርናቸውን አንድ አደጋ እዚህም ልንገራችሁ። አንድ እህል የጫነ አይሱዙ ሐረጎ ላይ ግንቡን መትቶ ቆመ። ሾፌሩ በሕይወት ነበረ፤ ያናግረናል። ዳሽቦርዱ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም እግሮቹን ከጉልበቱ በታች ይዞታል፤ መሪው ደረቱ ላይ ነው። እኛ ስንደርስ የአካባቢው ገበሬ ዲጂኖ ይዞ በሩን እየታገለ ነበር፤ ሌላው የጭነት መኪና አስጠግቶ መሪውን በገመድ አስሮ ለመጎተት ተዘጋጅቷል፤ አንዱ ደግሞ ከጋራዥ የብረት መቁረጫ ሞላ አምጥቶ ጄኔሬተር ያስነሳል። ናፍጣው ከመኪናው ሥር አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ሁሉም ለማዳን ነው የሚሯሯጠው፤ አንድም ክፉ ሰው የለም። መጎተቱን አስቆምን፣ ሞላውን አስቆምን፤ በእኛ እጅ የነበረው ግን ክሪክ፣ መጥረቢያና ፌሮ ብቻ ነው። ረዳቱ የሾፌሩን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ «አብሽር፣ ወንድም ዓለም፣ አብሽር» ይላል። ሾፌሩ «እግሬን ቁረጡትና አውጡኝ» እያለ ለመነን። በክሪክ ዳሽቦርዱን በጣት በጣት እየገፋን ስናወጣው ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። በሕይወት ሆስፒታል ደረሰ፤ እግሮቹን ግን ሐኪሞቹ ማትረፍ አልቻሉም።

እንዲህ ያለ ታሪክ በየከተማው አለ። ለጋሽ ደግሞ ታሪኩን ሰምቶ ያዝናል፤ ቀጥሎ «ይህ በዓመት ስንት ጊዜ ያጋጥማል?» ይላል። መልስ ፍለጋ ትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሄድኩ። መዝገቡ በደንብ የተያዘ ነው፤ ሞት፣ ከባድ ጉዳት፣ ቀላል ጉዳት፣ የንብረት ውድመት፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የመኪናው ዓይነት ሁሉ አለ።

«ሳጅን፣ ከእነዚህ ውስጥ መኪናው ውስጥ ተቀርቅረው በመሣሪያ የወጡት ስንት ናቸው?» አልኩት።

«እሱን ማን ይመዘግባል ብለህ ነው ወንድሜ? ሞተ ከተባለ ሞት ላይ ይገባል፤ ተጎዳ ከተባለ ጉዳት ላይ።»

ልክ ነው። ሆስፒታሉም የሚመዘግበው ከበሩ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። አምቡላንሱ የተነሳበትንና የደረሰበትን ይጽፋል። ሰውየው ብረት ውስጥ ሆኖ የጠበቀው ጊዜ የማንም መዝገብ ላይ የለም። እኛ የምንጠይቀው ገንዘብ ደግሞ በትክክል ያንን ጊዜ ለማሳጠር ነው። መዝገብ ላይ የሌለን ነገር ለማሳጠር ገንዘብ የሚሰጥ አታገኙም፤ እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም።

ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጻፋችን በፊት አንድ ደብተር ከፈትን። ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፤ የተሰመረ ትልቅ ደብተር ነው። ጥሪው የደረሰበት ሰዓት፣ ቦታው ላይ የደረስንበት ሰዓት፣ ሰውየው የወጣበት ሰዓት፣ አምቡላንስ የተረከበበት ሰዓት፣ የተሽከርካሪው ዓይነት፣ ሰውየው የተቀመጠበት ቦታ፣ የተያዘው የአካል ክፍል፣ ያወጣነው በምን እንደሆነና ማን እንዳወጣው። ስም የለም፣ ታርጋ የለም። ማታ ተረኛው ሳይተኛ ይሞላዋል፤ ጠዋት የሚረከበው ያነበዋል። ወር ሲያልቅ ከትራፊክ ፖሊስና ከአምቡላንሶቹ መዝገብ ጋር አስተያይተን እንፈርማለን።

እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ጣጣ ያመጣ ነገር አለ፦ ሰዓት። አንዱ «ከቀኑ 8፡00» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 14፡00 ይላል፤ ሦስተኛው 8፡00 ብሎ ይተወዋል። ለእኛ ከአውዱ ይገባናል። ፈረንጅ አንብቦ ግን አደጋው ጠዋት ደረሰ፣ ሰዎቹ ከሰዓት በኋላ መጡ ብሎ ይረዳዋል። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በአንድ አቆጣጠር ተስማሙ፤ ቀኑንም በኢትዮጵያና በፈረንጅ ጎን ለጎን ጻፉት። ይህን ያልኩት ነገሩ ስለሚያናድድ አይደለም፤ መዝገቡ የሚታመነው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ስለሆነ ነው።

ደብተሩ ሲሞላ ያላሰብነውንም አሳየን። እኔ ዋናው ችግር የሚኒባስ አደጋ ይመስለኝ ነበር። በደብተራችን ላይ ግን ረጅም ሰዓት የወሰደው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ የተያዘ ሾፌርና ረዳት ነው፤ የተያዘውም ከወገብ በታች። ሚኒባስ ሲሆን የሚጎዳው ብዙ ሰው ነው፤ በሩና መቀመጫው ግን በዲጂኖም ቢሆን ቶሎ ይለቃል። ይህ ልዩነት የምንጠይቀውን ዕቃ ቀየረው። አምራቾቹ በካታሎጋቸው የሚያወሩት ስለ መቁረጫው ኃይል ነው፤ የአውሮፓ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከጠንካራ ብረት ስለሚሠሩ። እኛ ጋ የሚያስፈልገው ደግሞ ዳሽቦርድን ከሰው እግር ላይ የሚገፋ ረጅም ራምና ጥሩ መፈልቀቂያ ነው። ጋቢናው ከመሬት ከፍ ስለሚልም ሰው ቆሞ የሚሠራበት መደርደሪያ ያስፈልጋል፤ እሱን ከውጭ አልጠየቅንም፣ እዚሁ ብረታ ብረት ቤት አሠራነው። ዝርዝራችሁን ከመዝገባችሁ አውጡት። ገምጋሚው እያንዳንዱን ዕቃ ከአንድ መስመር ጋር ማገናኘት ከቻለ «ይህ ለምን?» የሚለው ጥያቄ አይመጣም።

አሁን ስለ መሣሪያው ራሱ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ዕቃ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ የሃይድሮሊክ ማዳኛዎች፣ ሆልማትሮም ሆነ ሉካስ ወይም ዌበር፣ 700 ባር አካባቢ በሆነ ግፊት ነው የሚሠሩት። ከቆዩት ውስጥ ግን የዚህን ግማሽ ያህል፣ 350 ባር ገደማ የሚጠቀሙ አሉ። መጋጠሚያቸውም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ዘይታቸውም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ የማዕድን ዘይት ሲጠቀሙ አንዳንድ የድሮዎቹ ፎስፌት ኤስተር የሚባል ሌላ ፈሳሽ ነው የሚፈልጉት፤ ሁለቱን መቀላቀል ጎሚኒዎቹን ይበላል። ስለዚህ ከአንዱ መቁረጫ፣ ከሌላው ፓምፕ እየተባለ በለጋስነት የሚላክ ዕቃ ተቀብሎ መጋዘን መሙላት ቀላል ነው። ደብዳቤያችን ላይ «ሙሉ ስብስብ፣ ከአንድ አምራች፣ በአንድ ግፊት» ብለን በግልጽ ጻፍን። ያገለገለ ከሆነ የጥገና ታሪኩና የቱቦዎቹ የተሠሩበት ዓመት እንዲላክልን ጠየቅን። ዓመቱ ቱቦው ላይ ታትሟል፤ አምራቾቹ ከ10 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ። 700 ባር የተሸከመ ቱቦ ሰው እጅ ላይ ቢፈነዳ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልገኝም። «የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም» ብሎ ዝም ማለት እዚህ አይሠራም፤ የጠየቅናቸውም አልተቀየሙንም፣ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው በቁም ነገር ያናገሩን።

ባትሪ ወይስ ቤንዚን? በባትሪ የሚሠሩት ቱቦ የላቸውም፣ ቶሎ ይነሳሉ፣ ድምፃቸውም ዝቅተኛ ነው፤ ገደል ውስጥ ለመውረድም ይመቻሉ። ገንዘብ ያለው፣ መብራት የማያስቸግረውና ባትሪ ሲያረጅ መተኪያ ማስመጣት የሚችል ይግዛቸው። እኛ የመረጥነው በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ሲበላሽ ከተማው ውስጥ የሚፈታው መካኒክ አለ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ላይ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ በአንድ ገመድ የሚነሳው ፓምፕ ሐረጎን ወጥተን ስናስነሳው ያስል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣ ጀመር፤ ካንዴላውን ስንፈታው ጠቁሯል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ነው። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሿን የነሐስ ቀዳዳ ለከፍታ ቦታ በተሠራችው መቀየር ነው፤ የሞተሩ አምራች ይሸጣታል፣ ዋጋዋም ኢምንት ነው። ከፍተኛ ቦታ ላይ ያላችሁ፣ ደሴም ሆነ ደብረ ብርሃን፣ ከዕቃው ጋር አብራችሁ ጠይቁ።

ወዴት እንጠይቅ ለሚለው፦ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የአሜሪካ መንግሥት ፌማ በሚባለው የድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤቱ በኩል ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ ጀምሮ አለ፤ ማዳኛ መሣሪያም ይሸፍናል፤ ግን ለእነሱ አገር መሥሪያ ቤቶች ብቻ ነው። ጊዜ አታጥፉበት። ይልቅ መመሪያውን አንብቡት፤ ከራሱ ከተማው 5፣ 10 ወይም 15 በመቶ እንዲያዋጣ ነው የሚጠይቀው፣ እንደ ሕዝቡ ብዛት። ራሱ ያላዋጣ አይሰጠውም የሚለው ሐሳብ በየትም አገር ለጋሽ አእምሮ ውስጥ አለ።

ለእኛ የሚሆኑት በሮች ሌሎች ናቸው። የጃፓን ኤምባሲ ለአካባቢ አስተዳደሮችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጠው የማህበረሰብ ፕሮጀክት ድጋፍ አለ፤ ለዕቃና ለግንባታ እንጂ ለደመወዝና ለነዳጅ አይውልም፤ የዓመቱን መመሪያ አግኝታችሁ አንብቡ። ሮታሪ ዓለም አቀፍ ድጋፍ የሚሰጠው በጀቱ ቢያንስ 30,000 ዶላር ለሆነ ፕሮጀክት ነው፤ እዚህ ያለ ክለብና ውጭ ያለ ክለብ አብረው ማመልከት አለባቸው። በ2018 እ.ኤ.አ የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የመንገድ ደህንነት ፈንድ ከአደጋ በኋላ ያለውን እርዳታም ይደግፋል፤ ነገር ግን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በኩል የሚኬድበት ስለሆነ ለአንድ ከተማ ብቻውን ይከብዳል። በአውሮፓ ደግሞ በጡረታ የወጡና በሥራ ላይ ያሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያቋቋሟቸው፣ አገራቸው መሣሪያ ሲቀይር አሮጌውን አድሰው ከአሰልጣኝ ጋር የሚልኩ ማህበራት አሉ። የእኛ የተሳካው በእንዲህ ዓይነት ማህበር በኩል ነው። ገንዘብ አይሰጡም፤ ዕቃና ዕውቀት ይሰጣሉ። አዲስ ሙሉ ስብስብ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚያወጣ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማን ያመልክት የሚለውም ይታሰብበት። የከተማ አስተዳደር የውጭ ድጋፍ ሲቀበል በፋይናንስ መሥሪያ ቤቱ በኩል ማለፍ አለበት። አንዳንድ ለጋሽ ደግሞ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀጥታ አይሰጥም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአገር ውስጥ ማህበራት ከውጭ ገንዘብ እንዲያገኙ መንገዱን አስፍቶታል፤ ከተማችሁ ውስጥ የተመዘገበ፣ ኦዲት ያስደረገ የልማት ማህበር ካለ አብራችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ንብረቱ የማን እንደሚሆን ግን ከመጀመሪያው በስምምነት ጻፉት።

የመጀመሪያው ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ። ድርጅቱ በላከልን አጭር መልስ ላይ «መሣሪያውን በሦስተኛው ዓመት ማን እንደሚጠግነው አልተገለጸም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረበት። ከሁሉ የጠቀመን ያ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ የቆመ የእርዳታ መኪና ያላየ የለም። ከዚያ በኋላ ከአስተዳደሩ ጋር ተቀምጠን ለመሣሪያው ነዳጅ፣ ዘይትና ዓመታዊ ምርመራ የራሱ መስመር በበጀት ላይ እንዲያዝ አስወሰንን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ ሰኔ ላይ የሚሮጥ ሰው የሚያገኘው «ለከርሞ» የሚል መልስ ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሃይድሮሊክ ትምህርት የሚያውቁ መምህራንን አናገርን፤ የጥገና መርሐ ግብሩን አብረውን አዘጋጁ። የጭነት ሾፌሮች ማህበር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ፤ አባላቱም እንደ አቅማቸው አዋጡ። ገንዘቡ ትልቅ አልነበረም። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን «ጋቢና ውስጥ የሚያዙት ሰዎች ራሳቸው ያዋጡት» የሚል መስመር ሆኖ ሲገባ ክብደቱ ሌላ ነው፤ ለጋሾቹም ደጋግመው ያነሱት እሱን ነው።

ሌላው መዋጮ እንጨት ነው፤ ስለ እሱ ትንሽ ላውራ። የተገለበጠ ወይም ያዘነበለ መኪና ሳይደገፍ መቁረጫ ማስገባት ውስጥ ያለውንም ውጭ ያለውንም ሰው መግደል ነው። መደገፊያው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ክንድ ያህል የሚረዝም የተጠረበ እንጨትና ሽብልቅ ነው። ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የፈረንጅ ጥድ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ እንጨት ሲጫነው ከመሰበሩ በፊት ይንቋቋል፣ ይጨመቃል፣ ያስጠነቅቃል፤ ደረቅ ጠንካራ እንጨት ግን በድንገት ነው የሚለቀው። ቀለም አትቀቡት፤ እርጥብ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ስንጥቁንም ይሸፍናል። አንድ አናጢ በሁለት ፈረቃ ሠርቶ ያስረክባችኋል። ምንም ድጋፍ ባታገኙ እንኳ ይህን ነገ መጀመር ትችላላችሁ፤ ለጋሽ ሲመጣ ደግሞ ሥራውን የጀመራችሁ መሆኑን በዓይኑ ያያል።

ጽሑፉን በተመለከተ አጭር ልሁን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው እንደሆነ ገልጿል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና እለፉ፤ ገምጋሚው ያውቀዋል። የማያውቀው ሐረጎን ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰው የሞተበትን አደጋ እኛ አካባቢ ማንም አይረሳውም፤ እሱንም ጠቅሰናል፤ የደቡብ ወሎ መንገድ ምን እንደሚመስል ስለሚያሳይ። ሌላ ያነሳነው ነጥብ ይህ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን አስገዳጅ ሆኗል፤ ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምናም በአዋጁ እስከ 2,000 ብር ተቀምጦ ነበር። ሕጉ ተጎጂው ሐኪም ፊት ከደረሰ በኋላ ያለውን አስቧል፤ ከብረቱ ውስጥ የሚያወጣው ግን የሚታሰበው በከተማው አቅም ብቻ ነው። የተጎጂ ፎቶ አታስገቡ። እኛ ያስገባነው የተጨመደደ ጋቢናና የክሪክ ፎቶ ነው፤ በቂ ነበር።

ዋጋ በብር ብቻ አትጻፉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ፕሮፎርማ ሁሉ ዋጋ አልነበረውም። በዶላር ወይም በዩሮ ጻፉና የብሩን ምንዛሪ ከነቀኑ ከጎኑ አስቀምጡ።

ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሚሠራው ሥራ ከመጫኑ በኋላ ከሚሠራው ይበልጣል። የስጦታ ደብዳቤው፣ የዕቃው ዝርዝርና የመርከብ ሰነዱ ላይ የተቀባዩ ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ በአንዱ «የከተማ አስተዳደር»፣ በሌላው የጽሕፈት ቤቱ ስም ከሆነ ጉምሩክ ላይ ይቆማል። ስጦታ ነው ተብሎ ዋጋው ዜሮ አይጻፍም፤ ትክክለኛ ግምቱ ይጻፋል። ከቀረጥ ነጻ የሚያሰጠው ጥያቄ በፋይናንስ በኩል ቀድሞ ይጠየቃል፤ ዕቃው ወደብ ላይ ሆኖ ፈቃድ መጠበቅ በየቀኑ ኪራይ መክፈል ነው። ጥሩ ትራንዚተር፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ያዙ። ሲገባም በዚያው ቀን ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ገቢ ይደረግ፤ ቁጥሩ በፎቶ ከነማህተሙ ለሰጪው ይላክ። የኛዎቹ ለጋሾች ከምስጋና ደብዳቤው ይልቅ ያቺን ወረቀት ሲያዩ ነበር የተደሰቱት።

ከዕቃው ጋር ሁለት አሰልጣኞች መጡ። ባለ ጋራዥ የሆኑ አንድ ሀጂ ሁለት ቆመው የቀሩ አሮጌ ሃይሩፎችና አንድ የአይሱዙ ጋቢና ሰጡን፤ «ልጆቼ፣ እስኪያልቅ ቁረጡት» አሉን። የመጀመሪያውን ቀን መቁረጫ አልነካንም፤ መደገፍ ብቻ፣ የባትሪውን ነጌቲቭ ቀድሞ መፍታት ብቻ፣ መስታወት ማውረድ ብቻ። በሁለተኛው ቀን ትልቁ አሰልጣኝ እያንዳንዳችንን በየተራ እንደ ተጎጂ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ፣ ሸራ አልብሶ በላያችን ላይ በር አስፈለቀቀ። ከውጭ ሲሰማ ምንም የማይመስለው የብረት ስንጠቃ ከውስጥ ሲሰማ ጆሮ ሥር የተተኮሰ ያህል ነው፤ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ከቡድናችን አንድ ሰው ሥራው ሌላ ምንም ሳይሆን ከተጎጂው ጋር መሆን ነው። ጭንቅላቱን ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት «ጋሼ፣ አሁን ድምፅ ይሰማሉ፣ በሩ ነው፣ አይዞዎት» ይለዋል።

ስልጠናው በአንድ ጊዜ አያልቅም። ሰው ይዛወራል፣ ይለቃል። በየወሩ አንድ ቀን መሣሪያውን አውጥተን እንለማመዳለን፤ ትራፊክ ፖሊስና አምቡላንስ አብረውን ይቆማሉ። ይህም በደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ ለሰጪዎቹ በየስድስት ወሩ የምንልከው ሪፖርትም ከዚያው የሚወጣ ነው። ያልሠራውንም እንጽፋለን፤ አንድ መጋጠሚያ ማፍሰስ ሲጀምር ፎቶውን ላክን፤ መተኪያው ሳንጠይቅ መጣ።

አሁን የምንጽፈው ሁለተኛ ማመልከቻ ነው። የጭነት መኪና የሚያነሱ የአየር ትራሶች ያስፈልጉናል፤ ተሳቢ ሥር የገባ ባጃጅ በራም አይነሳም። ሌላ ስብስብም ለደሴ በኩል እንፈልጋለን፤ ሐረጎ አናት ላይ ለሚደርስ አደጋ ከሁለቱም ወገን መድረስ እንዲቻል። በዚህኛው ላይ ከመሣሪያው በፊትና በኋላ ሾፌሮች ጋቢና ውስጥ የቆዩበትን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠናል። የደብተሩን አምዶች እንዳሉ ከላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ ገልብጣችሁ ተጠቀሙባቸው፤ የከተማችሁ መንገድ የሚጠይቀው ሌላ አምድ ካለ ጨምሩበት።